ድሬ ላይ መንገድ የሚገድለው ማንን ነው? የሚያቆስለውስ? (29 መልስ)

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም የድሬ ልጆች፣ የሐረር ጎረቤቶቻችንም።

ከሰባት ወር በፊት ከዚራ ላይ፣ ዛፎቹ ጥላ ሥር እየሄድኩ፣ አንድ ባጃጅ በስፖኪዮው ግራ እጄን ገጭቶኝ አለፈ። አልወደቅኩም። እንደቆምኩ ነው የቀረሁት። የእጄ አንጓ ግን ተሰብሯል። ጉዳዩን የመዘገበው ሰው እጄን አየ፣ ፊቴን አየ፣ በእግሬ መቆሜን አየ። ከዚያ ቅጹ ላይ ቀላል የአካል ጉዳት ብሎ ጻፈ። ይኸው በሰባተኛው ወር የታጠበ ሸሚዝ ጨምቄ ማስጣት አልችልም። የቤቴን በር የምከፍተው በቀኝ እጄ እየተደናበርኩ ነው፤ ግራኝ ነኝና (የሐረር ሰዎች፣ አትሳቁ)።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ሁሉም ሰው ባጃጅ ጨረሰን ይላል። የጫት መኪና ጨረሰን ይላል። ሲኖትራክ ጨረሰን ይላል። ጨራሹን ሁላችንም እንጠራዋለን። የሚያልቀው ግን ማነው? እግረኛው? ተሳፋሪው? ብስክሌተኛው? ሹፌሩ ራሱ? የማን ሞት እየጨመረ፣ የማን እየቀነሰ ነው?

የዓለሙን ሳነብ እንዲህ አገኘሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት በ2021 በመንገድ አደጋ 1.19 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። ከ2010 ጋር ሲተያይ 5 በመቶ ቀንሷል። ከሟቾቹ 30 በመቶው ባለአራት እግር መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። እግረኛ 23፣ ባለሁለትና ባለሦስት እግር ሞተር ላይ የነበረ 21፣ ብስክሌተኛ 6 በመቶ ነው። ጠቅላላው ሲቀንስ የእግረኛው ሞት 3 በመቶ፣ የብስክሌተኛው ደግሞ 20 በመቶ ገደማ ጨምሯል። አፍሪካ ላይ ጭራሽ ጠቅላላውም በ17 በመቶ አሻቅቧል።

ድሬስ? የምታውቁትን ጣል አድርጉ።

መልሶቹ

የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ አዲስ የሚመጣውም ከላይ ሳያነብ ስለሚጠይቅ፣ የተባለውን በየተራው እተርካለሁ። ቃል በቃል አልገለብጥም። ግማሹ ስድብ ነው፣ ግማሹን ደግሞ ጸሐፊው ራሱ ተመልሶ ቢያነበው የሚገባው አይመስለኝም።

1. መጀመሪያ የመጡት አንዲት የሳቢያን ሰፈር እናት ናቸው። እግዜር ይማርህ ብለው መርቀውኝ እጄን ለብ ባለ ጨው ውኃ እንድዘፈዝፍ አዘዙኝ። ጥያቄዬ ግን ገረማቸው። በእሳቸው ሰፈር መኪና የሚያገኘው ሽማግሌና ተማሪ ነው፤ ምክንያቱም በእግሩ የሚሄደው እሱ ነው። ይህን ለማወቅ ሪፖርት ምን ያደርጋል ዓይነት ነገር ነው። እግዚአብሔር ያሳይዎት እማማ፣ እስከ መጨረሻው ድረስ ከዚህ አጥሮ የጻፈ አልተገኘም።

2. ባጃጅ ሹፌር መጣ። በንዴት ነው የመጣው። 11 ዓመት ነድቷል። በሁሉ ነገር ባጃጅ የሚከሰሰው ደሃ ስለሆነ ነው ባይ ነው። ባጃጅ ቆርቆሮ ናት፣ በር የላትም፣ ቀበቶ የላትም፤ አይሱዙ ሲመጣባት ጣሳ ትሆናለች። ያኔ የሚሞተው ሹፌሩ ነው፤ ወሬው ላይ ግን ባጃጅ አደጋ አደረሰ ተብሎ ይነገራል። ቀጥሎ ስለ ገቢው ጻፈ። ባለንብረቱ የቀን ገቢውን ይፈልጋል፣ ነዳጅ ሰልፍ ግማሽ ቀን ይበላል፤ የቀረውን ግማሽ ቀን መሮጥ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ስለ እጄ ምንም አላለም።

3. ይቺ ተሳፋሪ ናት። ለ2ኛው ግማሽ እውነቱን ሰጠችው። ከዚያ ሌላውን ግማሽ ቀማችው። ሦስት ሰው ከኋላ ይበቃል ሲባል፣ አራተኛውን ከራሱ ጎን በግማሽ ቂጡ የሚያስቀምጠው ማነው? የዚያ ሰው አንድ እግር ሁልጊዜ ውጭ ነው። ባጃጇ ስትታጠፍ ምሰሶውን አቅፎ ነው የሚጸልየው። እህቷ እንዲያ ተቀምጣ ጉልበቷን ከቆመ ጋሪ ጋር አጋጭታለች።

4. ስለ ቁጥር የሚያውቅ ሰው ነው፤ ደግሞም ያውቃል። በጨዋ ቋንቋ ጀምሮ ያለ ርኅራኄ አረመኝ። የሞት ብዛት በ5 በመቶ ቀነሰ ማለት ብቻውን ያሳስታል፤ ሰው ጨምሯል፣ መኪና ደግሞ ከዚያ በላይ ጨምሯል። ከ100 ሺህ ሰው ስንት ሞተ ብለህ ካየኸው በዓለም 15 ደርሷል፣ ከ2010 የ16 በመቶ ቅናሽ ነው። የአፍሪካው 17 በመቶም እንደዚያው፤ የሕዝቡ ቁጥር ከ17 በመቶ እጅግ በልጦ አድጓልና መጠኑ እንዲያውም ወርዷል። ያም ሆኖ ከየትኛውም አህጉር የከፋው የእኛው ነው። ከዚያ ቁምነገሩን አመጣ። እግረኛ ይበልጥ ሞተ ለማለት መጀመሪያ ስንት እግረኛ እንዳለ ማወቅ አለብህ። መጋላ ሰፈር ላይ ከአሥር ሰው ዘጠኙ በእግሩ ከሆነ፣ ከአሥር ሟች ስድስቱ እግረኛ ቢሆን የሚያስደነግጠው የትኛው ነው? እኔ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። አመሰገንኩት።

5. የክሩ ዋና መልስ ይህ ነው። ድንገተኛ ክፍል የሠራች ነርስ ናት፤ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልጠቀሰችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ሁለት ነገር ለያየች።

አንደኛው ሞት ነው። በዓለም ደረጃ የመንገድ ሞት የሚባለው ሰው በአደጋው በ30 ቀን ውስጥ ሲሞት ነው። መንገድ ላይ ያልሞተ፣ በሁለተኛው ሳምንት አልጋ ላይ ያለፈ ሰው ግን ከፖሊሱ መዝገብ በቀላሉ ይወድቃል። ለዚህ ማሳያ የዓለም ጤና ድርጅትን የእ.ኤ.አ. 2018 ሪፖርት ጠቀሰች። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ለ2016 ያሳወቀችው 4,352 ሟች ነው። ድርጅቱ ራሱ የገመተው ደግሞ 27,326። አንዱ ግምት፣ ሌላው ቆጠራ ነው፤ ግምት ሊሳሳት ይችላል። ግን ስድስት እጥፍ ነው ልዩነቱ።

ሁለተኛው የእኔ እጅ ነው። ከባድ እና ቀላል የሚለው ቃል በመጀመሪያው ቀን፣ በዓይን ታይቶ ይጻፋል። ደም ያየ ከባድ ይላል። ደም ያላየ ቀላል ይላል። ቅንድብ ሲቀደድ ፊት ሙሉ ደም ይሆናል፣ በአራት ስፌት ግን ያበቃለታል። የዳሌ ስብራት አንዲት ጠብታ አያሳይም፣ ሰው ግን ዓመት ይተኛበታል። አውሮፓ ውስጥ ለዚህ ሲሉ ሐኪም ከ1 እስከ 6 ነጥብ ይሰጣል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ከባድ የሚባለው። (በዚህ መለኪያ የእኔ እጅ ራሱ 3 እንደማይደርስ ቆየት ብላ ነገረችኝ። ቅር አለኝ፤ ምን ይደረግ።)

ማን ምኑን እንደሚጎዳም ዘረዘረች። እግረኛውን ፓራውልት ቅልጥሙ ላይ ያገኘዋል፤ ከዚያ ጭንቅላቱ ኮፈን ወይም አስፋልት ይመታል። የባጃጅ ተሳፋሪ ትከሻ፣ ክንድና ፊት ነው። ሄልሜት የሌለው ሞተረኛ ጋ ስትደርስ ወደ ሌላ ጉዳይ አለፈች። አንድ ነገር ግን ከጽሑፏ አልወጣልኝም። እግሩ የተሰበረ ሰው ሲመጣ ሱሪውን በመቀስ ከታች እስከ ወገብ ይቀዱታል። ይህን ጊዜ ራሱ ታማሚው መቀሱን የያዘ እጇን ይዞ ጂንሱ አዲስ መሆኑን ይነግራታል። ሁልጊዜ ነው አለች። ቅልጥሙ በቆዳው ወጥቶ እያለ እንኳ።

6፣ 7 እና 8. ከዚህ በኋላ ነገሩ እንደሚጠበቀው ተበላሸ። 6ኛው ከዚራ የቱ ጋ እንደተገጨሁ ጠየቀኝ። ባጊያ የምትጠብሰዋ ሴት ፊት ለፊት ነው ስል፣ የድሬ ምርጥ ባጊያ እዚያ እንደሆነ ማረጋገጫ ሰጠ። 7ኛው ለገሃሬ የሚበልጥ አለ ብሎ ተከራከረ። 8ኛው ሳምቡሳ እያለ ባጊያ የሚበላ ሰው መንገድ ቢያቋርጥም ባያቋርጥም ግድ የለኝም የሚል ሰው ነው።

9. ሐረሬው ጊዜውን ጠብቆ ገባ። ጀጎል ውስጥ መኪና ሰው አይገድልም፤ ምክንያቱም በጠባቡ መንገዱ መኪና አይገባም። አያቶቹ ሲሠሩት አህያ ከነጭነቷ የምታልፍበትን ያህል አስልተው ነው ብሎ ኮራ። እናንተ ሜዳ ላይ ተዘርግታችሁ፣ ፈረንጅ በማስመሪያ የሠመረውን ሰፊ መንገድ ይዛችሁ አልቅሱ ነው መልእክቱ።

10. አንድ የድሬ ልጅ ጀጎልን ለሐረሬው ራሱ አስረዳው። እዚያው ጀጎል ውስጥ፣ ፈረስ መጋላ ቆመህ ታክሲ ስትጠብቅ እናይሃለን ብሎ። ደግሞ ወደ ድሬ ስትመጣ በደንገጎ ቁልቁለት ነው የምትወርደው።

11. ደንገጎ ሲባል አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነቃ። ረጅም ነው የጻፈው፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። ቁልቁለቱ በአጭር ርቀት ከ2000 ሜትር አካባቢ ወደ 1200 ያወርድሃል። አዲስ ሹፌር ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ይለቀዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥምዝ ላይ ፍሬኑ ይታዘዛል። ከዚያ የፍሬን ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፤ ሽታው ካቢን ውስጥ ሲገባ ግማሹ ፍሬን ሄዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ብትረግጥ እግርህ ነው እንጂ መኪናው አይሰማህም። የድሮ ሹፌሮች ሕግ አንድ ናት፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ለክሩ ጥያቄም መልስ ነበረው። ከተማ ውስጥ እግረኛ ይሞታል፤ ደንገጎ ላይ ግን ተሳፋሪ ነው የሚያልቀው፣ ያውም አንድ ላይ። አንድ ቅጥቅጥ ሲገለበጥ አገር ይሰማል። እግረኛው ግን አንድ አንድ እያለ ስለሚሄድ ማንም አይሰማውም። ይቺን ብዙ ሰው ወደዳት።

12. ኖርዌይ የሚኖር ወንድማችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስሎ ከተማ ውስጥ አንድም እግረኛ፣ አንድም ብስክሌተኛ እንዳልሞተ ነገረን። እውነት ነው፤ በዚያ ዓመት የሞተው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም መኪና ውስጥ የነበረ። ችግሩ አጻጻፉ ነው። እኛ ሥርዓት ስለሌለን ነው የምንሞተው የሚል ነገር ጣል አደረገ።

13 እና 14. ወላሂ እዚህ ላይ ክሩን ልዘጋው ነበር። 13ኛው በጨዋ ምፀት፣ ኦስሎ ስንት ፍየል አስፋልት ላይ እንደሚተኛ ጠየቀው። 14ኛው ጨዋነቱን ተወው። ከአገር የወጣበትን መንገድ፣ የላከውንና ያልላከውን ብር፣ የክረምት ጃኬቱን ሳይቀር አነሳ። ሁለት መስመር አጠፋሁበት።

15. እኔ ነኝ። ስለ መንገድ ካልሆነ እጄ ቢያምም ማጥፊያውን መጫን እንደማያቅተኝ አስታወስኩ።

16. የኦስሎው ሰው ተመለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ። በዚህ ጊዜ የሚረባ ነገር ይዞ ነው የመጣው። የሠሩት ተአምር አይደለም፤ የከተማውን ፍጥነት ቀነሱ፣ ከመንገድ ዳር መኪና ማቆሚያ አነሱ። እዚያም ሰው ስልኩን እያየ ነው የሚሻገረው። ልዩነቱ፣ ሲሳሳት የሚያገኘው መኪና ቀስ ብሎ የሚመጣ መሆኑ ነው።

17. የፊዚክስ መምህር ነው፣ ሒሳቡን ሠራልን። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ ልጅ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ 14 ሜትር ሳይነካው አለፈ። በ30 የሚሄደው ደግሞ በደረቅ አስፋልት፣ ሰከንዷን ጨምሮ፣ 13 ሜትር ላይ ቆሟል። እንግዲህ አንዱ ቆሞ ክላክስ በሚያሰማበት ቦታ ሌላው ገና ፍሬን አልያዘም። ይህን እንደገና አንብቡት ብሏል። አንብቤዋለሁ።

18. አንዱ መጋላ ውስጥ ማን 50 ይነዳል ብሎ ተነሳበት። በጠባቡ መንገድ ባጃጅና ሰው ተጋፍቶ ነው የሚሄደው፤ አጥንት ይሰበራል እንጂ ሰው አይሞትም። ሰው የሚሞተው ሰፋፊው አስፋልት ላይ፣ ማታ ነው።

19. መምህሩም ይኸው አልኩህ አይደል ብሎ ዘጋው። ሁለቱ አንድ ነገር እየተናገሩ መጣላታቸው አልታያቸውም።

20. በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው። ድሬ የብስክሌት ከተማ እንደነበረች አስታወሱን። ሜዳ ናት፣ ዛፍ አላት፤ ሠራተኛውም ተማሪውም በብስክሌት ነበር። እሳቸው ራሳቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ይነዱ ነበር። የተዉት ጉልበት አንሷቸው አይደለም። ከኋላ የሚመጣው ድምፅ ነው ያስተዋቸው። ብስክሌተኛ የቀነሰው ሞቶ አይደለም፣ ፈርቶ ወርዶ ነው አሉ። 4ኛው ወዲያው የሳቸውን መልስ ጠቅሶ ያለኝን ደገመው፤ ማንም በማይነዳበት ከተማ የብስክሌተኛ ሞት ዜሮ ቢሆን የሚያስመሰግን አይደለም። ለነገሩ በዓለም ላይ ካለው መንገድ የብስክሌት መስመር ያለው 0.2 በመቶው ብቻ ነው።

21. ብስክሌት ሲነሳ ባቡር ሳይነሳ አይቀርም። የድሮው ባቡር ከተማው ልብ ውስጥ ያወርድህ ነበር፤ አዲሱ ከከተማ ውጭ ይጥልህና ለባጃጅ ይሰጥሃል። ከዚያ ሐዲድ ላይ ስለሚገጩ ግመሎችና ስለ ካሳቸው ተወራ። አንዱ ግመሉ ካሳ ያገኛል፣ አንተ ግን ለእጅህ ምን አገኘህ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

22 እና 23. የጫት መኪና። መምጣቱ አይቀርም ነበር። 22ኛው ከአወዳይ ተነስቶ የሚበረው አይሱዙ ሲመጣ ራሱ መንገዱን ለቆ ሜዳ ላይ እንደሚቆም ጻፈ። ሹፌሩን አልሰደበም፤ የሰደበው ሰዓቱን ነው። ጫት ይጠወልጋል። ከተቀጠፈ ጀምሮ ዋጋው በየሰዓቱ ይወርዳል። እና ፍጥነቱን የወሰነው እዚያ የሚጠብቀው ገበያ ነው፤ እግሩ የሹፌሩ ቢሆንም። 23ኛው ቤተሰቡ በጫት ያደገ ነው፤ ቱግ አለ። በርጫ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትኩስ ካልሆነ የምትሉት እናንተ አይደላችሁም ወይ አለን። ዝም አልን። ቢያንስ እኔ ዝም አልኩ።

24. የሕግ ሰው ይመስላል። ካሳ ላልኩት (በእርግጥ የግመሉ ሰውዬ ነው ያለው) የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅን ቁጥር 799/2005 አነሳ። አዋጁ ሲወጣ በተሽከርካሪ የተጎዳ ማንም ሰው እስከ 2000 ብር የሚደርስ አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ ይላል። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ መኪና ቢሆንም ለተጎጂው የመድን ፈንድ አለ። እኔ ይህን ያወቅኩት ጄሶው ከወጣ ከአምስት ወር በኋላ፣ ከዚህ ክር ነው።

25. 2ኛው ሹፌር ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ረጋ ብሏል። ቀኑንና ሰዓቱን ጠየቀኝ። ከሰዓት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው ስለው፣ በዚያ ሰዓት ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው ፀሐዩ ከዛፎቹ መሃል ብልጭ ድርግም እያለ ዓይኑን እንደሚመታው ነገረኝ። ሰው ከጥላ ሥር ከወጣ አይታይም። እሱ ራሱ እዚያ ሲደርስ የቀኙን ስፖኪዮ ወደ ውስጥ ያጥፋል። ይቅርታ አላለም፣ ማለትም የለበትም፤ የገጨኝ እሱ አይደለም። ይመስለኛል።

26. ቀጥሎ የመጣው ሰው ጠረጠረኝ። መሄድህስ መሄድ ነው፣ ስልክ እያየህ ነበር? ብሎ። አዎ። እያየሁ ነበር። በመክፈቻው ላይ አልጻፍኩትም።

27. ነርሷ መለሰችለት። አጥንት ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ በአንድ መስመር ጨረሰችው። እንደገና ወደ እኔ ዞራ እርጥብ ፎጣ በሁለት እጅ መጠምዘዝ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሕመሙ እስከሚጀምር ድረስ ብቻ ብላ አዘዘች። የጨው ውኃውንም አልከለከለችም።

28. 4ኛው ነው። እስካሁን 27 መልስ ተጻፈ፣ አንዱም ስንት ሰው በእግሩ እንደሚሄድ አያውቅም አለ። ስለዚህ እንቁጠር። አንድ መስቀለኛ መንገድ፣ ሁለት ሰዓት፣ አራት ሰው፤ አንዱ እግረኛ፣ አንዱ ባጃጅና ተሳፋሪውን፣ አንዱ ሞተርና ብስክሌት፣ አንዱ የቀረውን ይቆጥራል። ጋሪ ከቀረው ጋር ነው። እኔ፣ የፊዚክስ መምህሩ እና 3ኛዋ ተመዘገብን። መምህሩ እግረኛውን ካልሰጣችሁኝ አልመጣም ብሏል።

29. ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ከዚራ፣ እኔ የተገጨሁበት ጥግ። ፀሐዩ ሳይበረታ እንጨርሳለን። እስክሪብቶ ያዙ። 6ኛው መቁጠር አልችልም ግን ባጊያውን እኔ እገዛለሁ ብሏል፣ 8ኛው ደግሞ ሳምቡሳ ከሌለ እንደማይመጣ አሳውቋል።